ጓንቱ አገር አለው፤ ሌጦውስ?

በሄርንደን፣ ቨርጂንያ ለማኅበረሰብ ተሟጋቾችና ለምክር ቤት አባላት ረዳቶች ስለ ቅንጦት ፋሽን ጥሬ ዕቃ አመጣጥ የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል

በሥራ ቀን ምሽት ስለ በግ ሌጦ ለመስማት ይህን ያህል ሰው መምጣቱ የሚያስመሰግን ነው። በንግግሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ከሄርንደን ጣቢያ በሲልቨር ላይን ባቡር ወደ ዋሽንግተን የተሳፈረ ሰው በአምስተኛው ፌርማታ ታይሰንስ ይደርሳል። ባለፈው የብርድ ወራት በዚያ ካሉት የቅንጦት መደብሮች ወደ አንዱ ገብቼ ነበር፤ ለመግዛት ሳይሆን ለመጠየቅ። እንደ ሐር የሳሳ የሴት ጓንት አነሣሁ። በውስጡ የተሰፋው መለያ «በጣልያን የተሠራ» ይላል። ሻጯን ቆዳው የምን እንደሆነ ጠየቅኋት፤ የበግ መሆኑን ነገረችኝ። «በጉስ የየት አገር ነው?» ስላት መለያውን ደግማ አነበበችና «የጣልያን» አለችኝ። ትሕትና አልጎደላትም፤ የምታውቀውን ነው የነገረችኝ። ያ ሌጦ ከሰላሌ ይምጣ ከሌላ ዓለም፣ እኔም ልነግራችሁ አልችልም። የዛሬው ነገሬም ይኸው ነው፤ ሻጯም፣ ገዢውም፣ ዕቃውን ያስገባው ጉምሩክም ሊነግሩን አይችሉም። እንዲያውቁ ያዘዛቸው ሕግ የለምና።

ከጓሮ እስከ ጓንት

የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ በዓለም የጓንት ሥራ ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው። ስስ ሆኖ ጠንካራ፣ ጠንካራ ሆኖ ልስልስ ስለሆነ ለክት ጓንትም ለጎልፍ ተጫዋቾች ጓንትም ይመረጣል። በ1826 የተመሠረተው የእንግሊዙ ፒታርድስ ኩባንያ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሌጦ ከኢትዮጵያ ሲወስድ ኖሯል፤ ኋላም በቆቃ አቅራቢያ ኤጄርሳ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ቆዳ ፋብሪካ ይዞ ሠርቷል፤ በ2023 ግን ዕዳው ከብዶት በሕግ አስተዳዳሪዎች እጅ ገባ። የባቲ ፍየል ሌጦም እንዲሁ በቆዳ አልፊዎች ዘንድ በገበያው ስም የሚጠራ ነው።

ይህ ሌጦ ከትልልቅ እርባታ ጣቢያዎች የሚወጣ አይደለም። አብዛኛው የሚወጣው ከየቤቱ ጓሮ፣ በፋሲካ፣ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በአረፋ ከሚታረድ አንድ በግ ነው። ባደግሁበት ቤት እናቴ ሥጋው ተከፋፍሎ ሳያልቅ ሌጦውን ጥላ ሥር ዘርግታ ጨው ትነሰንስበት ነበር። ሌጦ ፀሐይ ከመታው፣ ሳይቀባ ካደረ፣ ወይም ገፋፊው በቢላ ከነካው ዋጋ እንደሚያጣ ማንም ሳያስተምራት ታውቃለች። ቆዳ ገዢው በሰፈሩ እየተጣራ ሲመጣ የሚሰጣት ገንዘብ ትንሽ ብትሆንም የቤት ቀዳዳ ትደፍን ነበር።

ዛሬ በአዲስ አበባ በበዓል ማግስት ሌጦ በየመንገዱ ዳርና በየቆሻሻ ገንዳው ተጥሎ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። በብዙ ቦታ ዋጋው የጨዉን ወጪ እንኳ መመለስ አቅቶታል። ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ በዓመት ያስገባ የነበረው የቆዳ ወጪ ንግድም ከዚያ እጅግ ዝቅ ብሏል።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በቅማልና በመሰል ተባይ የሚመጣው፣ ገበሬው እከክ የሚለው የበግ በሽታ የሚተወው ጠባሳ ጎልቶ የሚታየው ፀጉሩ ተነሥቶ ቆዳው ከለፋ በኋላ ነው። ፋብሪካዎች ኬሚካል የሚያስመጡበት የውጭ ምንዛሪ ያጥራቸዋል። በዓለም ገበያም ሰው ሠራሽ ቆዳ ቦታውን እየተሻማ ነው። መንግሥት በ2008 ጥሬ ቆዳና ሌጦ ወደ ውጭ በሚልኩ ላይ 150 በመቶ ቀረጥ ጣለ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በከፊል በለፋው ላይ ደገመው። ዓላማው በአገር ውስጥ እሴት መጨመር ነበር፤ ዓላማውን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን ገዢው በአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ብቻ ስለ ተወሰነ፣ እነርሱ ሲዳከሙ ገበሬው የሚሸጥለት አጣ።

ከእነዚህ ሁሉ በስተጀርባ ግን ብዙ የማይነገርለት አንድ ምክንያት አለ። ሌጦ ከጓሮ ሲነሣ በአብዛኛው በደረጃ አይገዛም። በጥንቃቄ የተገፈፈውም በቢላ የተበጣጠሰውም በአንድ ዋጋ ይነሣል። ደረጃ የሚወጣለት ፋብሪካ ከገባ በኋላ ነው። በዚያ በር ውስጥ አንደኛ ደረጃና ሰባተኛ ደረጃ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ ከበሩ ውጭ ግን ልዩነቱ የለም። የጥራት ዋጋ ወደ ኋላ ካልተመለሰ የዛሬዋ እናት ጨው የምትነሰንስበት ምን ምክንያት አላት?

ከጓሮው ቀጥሎ ያለው ጣቢያ ሞጆና መሰሎቿ ናቸው። ቆዳ በብዛት የሚለፋው በክሮም ጨው ነው፤ ይህም ብዙ ውኃ ይፈልጋል፤ ውኃውም በሚገባ ካልተጣራ የገባበትን ወንዝ ይበክላል። ከፋብሪካዎች የሚወጣ ክሮሚየም በሞጆ ወንዝ መገኘቱን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። የሞጆ ወንዝ ወደ ቆቃ ይወርዳል፤ በዳርቻውም አትክልት የሚያጠጣ ገበሬ አለ። እንግዲህ የጓንቱ ልስላሴ ሁለት ያልተከፈሉ ሒሳቦች አሉት፦ አንዱ በጓሮው፣ ሁለተኛው በወንዙ።

ፀጉሩ ሲነሣ አገሩም ይነሣል

አሁን ወደዚህ አገር ሕግ ልምጣ፤ ከእንግዶቻችን ጋር የምንሠራው ሥራ በዚህ ነውና።

በ1930 የወጣው የታሪፍ ሕግ በክፍል 304 ከውጭ የሚገባ ዕቃ የመጣበት አገር እንዲጻፍበት ያዝዛል። የመጣበት አገር ማለት ግን በጉምሩክ አሠራር ዕቃው ስሙን፣ ባሕርዩን ወይም አገልግሎቱን የሚለውጥ መሠረታዊ ለውጥ ያገኘበት የመጨረሻው አገር ነው። ሌጦ ጓንት ሲሆን ስሙም፣ ባሕርዩም፣ አገልግሎቱም ይለወጣል። ስለዚህ ጓንቱ የተሰፋበት አገር ይጻፋል፤ በጉ ያደገበት፣ እናቲቱ ጨው የነሰነሰችበት፣ ወንዙ የተበከለበት አገር ከመለያው ይወጣል። ማንም ሕግ አላፈረሰም፤ ሕጉ ራሱ ነው እንዲህ የሚለው።

ይሁን እንጂ የአሜሪካ ሕግ አውጪ ጥሬ ዕቃው ራሱ አገር እንዳለው ከሰባ ዓመት በፊት አውቆታል። በ1951 የወጣው የፀጉራም ቆዳ ውጤቶች መለያ ሕግ፣ ከእነ ፀጉሩ የሚለበስ ቆዳ በልብስ ላይ ሲውል የእንስሳው ስም፣ ቆዳውም ከውጭ የመጣ ከሆነ የመጣበት አገር በመለያው እንዲጻፍ ያዝዛል። በዚያው ሕግ ትርጓሜ ውስጥ ግን አንድ ሐረግ አለ፤ ፀጉሩ ተነሥቶ ወደ ለፋ ቆዳ የሚለወጠውን ከግዴታው ያወጣል። ስለዚህ ያው አንድ ሌጦ ፀጉሩ ሳይነሣ ቢለበስ አገሩ ይጠራል፤ ፀጉሩ ሲነሣ አገሩም አብሮ ይነሣል። የምክር ቤት ረዳቶች ሆይ፣ አዲስ መርሕ ፍጠሩ አንላችሁም፤ ያላችሁን መርሕ እስከ ለፋው ቆዳ አድርሱት ነው የምንለው።

የምስክር ወረቀቱ የሚቆምበት በር

የቅንጦት ኩባንያዎች መልስ አላቸው። «እኛ የምንገዛው ተመርምረው ማረጋገጫ ካገኙ ቆዳ ፋብሪካዎች ነው» ይላሉ። እውነትም በ2005 የጫማ ኩባንያዎችና ቆዳ አልፊዎች ያቋቋሙት ሌዘር ወርኪንግ ግሩፕ የፋብሪካን የውኃ፣ የኃይል፣ የኬሚካልና የፍሳሽ አያያዝ ይመረምራል። ይህ ለሞጆ ወንዝ የሚጠቅም ነውና አናጣጥለውም። ሆኖም ምርመራው ያተኮረው በፋብሪካው ላይ ነው፤ ወደ ኋላ ሲሄድም የሚፈልገው ቄራን ነው። የእኛ በግ ግን ቄራ አልገባም። በጓሮ ለታረደ በግ በዚያ ቅጽ ላይ የሚሞላ ቦታ የለም።

በዚህ ላይ ቆም ብለን እንድናስብ እለምናችኋለሁ፤ በጎ ሐሳብ ያላቸው ሕጎች ድሀውን የሚጎዱት እዚህ ላይ ነውና። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያጸደቀው የደን ምንጠራ ደንብ የከብት ቆዳ ከየትኛው መሬት እንደመጣ እንዲታወቅ ሲያዝ የበግና የፍየል ሌጦን አላካተተም፤ ተፈጻሚነቱም ደጋግሞ ተራዝሟል። እዚህ አገር ደግሞ በ2021 መጨረሻ የተፈረመውና ከሰኔ 2022 ጀምሮ የሚሠራው የኡይጉር የግዳጅ ሥራ መከላከያ ሕግ አስመጪዎች የጥጥን ዱካ እስከ ማሳው ድረስ እንዲከተሉ አስገድዷል። «ሰንሰለቱ ረጅም ስለሆነ መነሻውን ማወቅ አይቻልም» የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ ዋጋ አጥቷል። ሕግ ሲያዝ ይቻላል።

ነገር ግን ያ ሕግ የሚሠራው በማስወጣት ነው፤ መነሻው ያልታወቀው ከገበያው ይውጣ ይላል። የግዳጅ ሥራን ለመዋጋት ይህ ተገቢ ነው። ያንኑ መሣሪያ በጓሮ ሌጦ ላይ ብናነሣው ግን ኩባንያው የቀለለውን ያደርጋል፤ ኢትዮጵያን ትቶ እያንዳንዱ እንስሳ ቁጥር ወዳለው አገር ይሄዳል። የሰላሌዋ እናትም ትንሽ ከሚከፈላት ምንም ወደማይከፈላት ትወርዳለች። ስለዚህ የምንጠይቀው የእያንዳንዱን በግ የልደት ወረቀት ሳይሆን፣ ሌጦው መጀመሪያ የተሰበሰበበት ወረዳ እንዲታወቅና በዚያ ቦታ በደረጃው እንዲከፈልበት ነው። ይህ ለሰብሳቢው፣ ለፋብሪካውም፣ ለኩባንያውም የሚቻል ነው።

ስም የሚያመጣውና የማያመጣው

ይህ ሕልም አለመሆኑን ከቡና እንማር። ኢትዮጵያ በ2005 ይርጋ ጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በዚህ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት ተቃውሞ ገጠማት። ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተ፤ እዚህ አካባቢ ያለን ኢትዮጵያውያንም ጮኽን፤ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተደረሰ። ዛሬ በሄርንደን የምግብ መደብር ውስጥ «ይርጋ ጨፌ» የሚል ከረጢት ማንሣት ማንንም አያስገርምም። ስም መጠራቱ ብቻውን ገበሬውን አላበለጸገም፤ ይህን መደበቅ አይገባንም። ሆኖም ስም ከሌለ የሚጠየቅም የለም። ስለ ቡናው ዋጋ መከራከር የቻልነው የቡናው ቤት የት እንደሆነ ስላወቅን ነው።

ኮንግረስም ቢሆን በዚህ ነገር ላይ ዝም ብሎ አያውቅም። በ2024 ብሉምበርግ በፔሩ ተራሮች ከምትኖረው ከቪኩኛ ፀጉር ስለሚሠራ የሎሮ ፒያና ሹራብ ዘገበ፤ ሹራቡ ወደ 9000 ዶላር ሲሸጥ፣ ለዚያ የሚበቃውን ፀጉር የሚሸልተው የሉካናስ ማኅበረሰብ የሚያገኘው ወደ 280 ዶላር መሆኑን አሳየ። የካሊፎርንያው ተወካይ ሮበርት ጋርሲያ ኩባንያውን በደብዳቤ ማብራሪያ ጠየቁ። ልብ በሉ፤ ደብዳቤው ሊጻፍ የቻለው ፀጉሩ የየት ማኅበረሰብ እንደሆነ ስለታወቀ ነው። ለሰላሌ ሌጦ ደብዳቤ የሚጽፍ ተወካይ ቢገኝ አድራሻውን ለማን ይጽፈዋል?

«በጣልያን የተሠራ» የሚለው ቃልም ለጣልያኑ ሠራተኛ እንኳ ዋስትና አልሆነም። በ2024 የሚላኖ ፍርድ ቤት የአርማኒና የዲዮር ቅርንጫፍ ኩባንያዎችን፣ በንዑስ ተቋራጮቻቸው ዘንድ ለተገኘው የጉልበት ብዝበዛ ተገቢውን ጥንቃቄ አላደረጉም ሲል በአስተዳዳሪ ሥር አድርጓቸው ነበር፤ ትእዛዙ በ2025 ተነሥቷል። በመዝገቡ በ2600 ዩሮ ለሚሸጥ የዲዮር ቦርሳ ለሠሪው የተከፈለው፣ የጥሬ ዕቃው ዋጋ ሳይታሰብ፣ 53 ዩሮ መሆኑ ተጠቅሷል። በሚላኖ አጠገብ ያለ ሠራተኛ ይህ ከደረሰበት፣ ስሙ ከመለያው የወጣ ገበሬ ምን ይደርሰዋል?

ከሐዋሳ የተማርነው

አንዳንዶቻችሁ «የንግድ ዕድል ይከፈት እንጂ ሌላው ራሱ ይስተካከላል» እንደምትሉ አውቃለሁ። ሐዋሳ ግን ሌላ ትምህርት ሰጥታናለች። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2016 ሲመረቅ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች ከዋና ዋናዎቹ ገቢዎች አንዱ ነበር። በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን የንግድና ሰብአዊ መብት ማዕከል የሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና ይህም ከልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን አስታወቀ። ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ብቻ ደነገገ።

በኅዳር 2021 ፒቪኤች ፋብሪካውን ዘጋ። በጥር 1 ቀን 2022 ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተጠቃሚነት ወጣች። የእገዳውን ተገቢነት በተመለከተ በዚህ አዳራሽ ያለነው ሁሉ አንድ ሐሳብ እንደሌለን አውቃለሁ፤ ዛሬ ያንን ክርክር አልከፍትም። አንድ ነገር ግን ሁላችንንም ያስማማናል፦ ጦርነቱን ያላወጁት፣ ከገጠር መጥተው በጠባብ ክፍል ተጋርተው የሚኖሩት ወጣት ሴቶች ሥራቸውን አጡ። ዕድሉ ሲሰጥ ኩባንያው ስለ ደመወዝ ግዴታ አልገባም፤ ዕድሉ ሲነሣም የአጎዋ ሕግ ስለ ስንብታቸው ግዴታ አልጣለበትም። ሸክሙ በሁለቱም ጊዜ የወደቀው በአንድ ትከሻ ላይ ነው።

ከራሳችን ሣጥን

ሌላውን ከመጠየቃችን በፊት የገዛ ሣጥናችንን እንክፈት። በየቤታችን በጥበብ የተዋበ የሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላና ጋቢ አለ። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ በዘረዘራቸው ዕቃዎች ውስጥ የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ይገኛል። ከጋሞ ደጋ «ትምህርት ታስገባላችኋለች» ተብለው ወደ አዲስ አበባ የተወሰዱ፣ ከዚያም ከጧት እስከ ማታ በሽመና ጉድጓድ የተቀመጡ ልጆች ታሪክ ለማናችንም አዲስ አይደለም። ይህን የምለው ሸማኔውን ለመክሰስ አይደለም፤ የሸማ ሥራ የጋሞ ሕዝብ ክብር ነውና። እያንዳንዱ ቀሚስም በልጅ እጅ ተሠርቷል አልልም። ነገር ግን ከኢትዮጵያ ቀሚስ ስናዝዝ ስለ ጥለቱ ቀለም አሥር ጊዜ እንደውላለን፤ ማን እንደሸመነው አንድ ጊዜ አንጠይቅም። የታይሰንሷ ሻጭ አለማወቋ ካስቆጨን የእኛም ይቆጨን።

የምንጠይቀው

ልመናዬ አራት ነው፤ ሦስቱ ለሕግ አውጪዎች፣ አንዱ ለእኛ።

አንደኛ፣ የ1951ዱ ሕግ መርሕ እስከ ለፋ ቆዳ ይድረስ። ከውጭ በሚገባ የቆዳ ልብስ፣ ጓንትና ቦርሳ ላይ ከተሠራበት አገር ጎን ዋናው ቆዳ የተገኘበት አገር ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ትልልቅ ኩባንያዎች የገዙባቸውን ቆዳ ፋብሪካዎች ስም፣ ሌጦው የተሰበሰበባቸውን ወረዳዎችና በመጀመሪያው ግዢ በየደረጃው የተከፈለውን ዋጋ በየዓመቱ ይፋ ያድርጉ። ግዴታው በወረዳ ደረጃ ይሁን፤ የጓሮ ሌጦን ማስወጫ በር አይሁን። መነሻውን ለማሟላት የሚወጣው ወጪም፣ ለገፈፋ ሥልጠናና ለእከክ ሕክምና የሚያስፈልገውን ጨምሮ፣ ከገዢው ኩባንያ እንጂ ከገበሬው አይቀነስ።

ሦስተኛ፣ የአጎዋ ነገር በምክር ቤቱ በተነሣ ጊዜ ሁሉ አገሮች ብቻ ሳይሆኑ ዕድሉን የሚጠቀሙ ኩባንያዎችም ይጠየቁ፤ ምን እንደሚከፍሉ ያሳውቁ፤ ሲወጡም ለሠራተኛው በቂ ማስጠንቀቂያና ካሣ ይስጡ።

አራተኛው የእኛ ነው። በሚቀጥለው በዓል ቀሚስ ስናዝዝ «ማን ሸመነው? ዕድሜው ስንት ነው? ስንት ተከፈለው?» እንበል። ማኅበሮቻችንና የሃይማኖት ተቋሞቻችን በጅምላ ሲያዝዙም ይህን የውል ቃል ያድርጉት።

እናቴ ሌጦውን ስትዘረጋ ወዴት እንደሚሄድ አታውቅም ነበር። ሄዶ ሄዶ የአንዲት ሴት እጅ ከብርድ የሚከልል ጓንት እንደሚሆን ብትሰማ፣ እርግጠኛ ነኝ፣ ደስ ይላት ነበር። የምትጠይቀውም አንድ ነገር ብቻ ይሆን ነበር፦ «በደንብ ጨው እንደነሰነስሁበት አወቁልኝ?» ለዚህ ጥያቄ ዛሬ መልስ የለንም። መልሱ በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ባለው ሕግ፣ በአንዲት ሐረግ ውስጥ ተቀምጧል።